የእግሯ ውሃ

እህቴን መጥላት የጀመርኩት ከተረከዟ ነው። ሰው ሰውን ሲጠላ መጀመሪያ ዓይኑ ወይም አነጋገሩ ይቀፈዋል፤ እኔ ግን በዚያ ዓመት ከእህቴ አካል አጥብቄ የማውቀው ሁለቱን ተረከዞቿን ነበር። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብለው ውሃ ይረጩብኛል። የግራው ላይ አንዲት ስንጥቅ ነበረች፤ ክሎሪን ሲነካት ጠርዟ ይነጣል። ዛሬም መቶ ሴት አሰልፋችሁ ፊታቸውን ብትሸፍኑብኝ በዚያች ስንጥቅ ለይቼ አወጣታለሁ።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ አምስት። ቤት ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ማበጠሪያ እንጋራለን፤ መዋኛው ላይ ደግሞ አንድ መስመር። እሷ "ጭራ" ትለኛለች። ስሙን ያወጣችልኝ ውሃ ውስጥ ከኋላዋ ስለምከተል ነው። እየቆየ ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥም፣ ሰፈር ውስጥም ጭራ ሆንኩ። እናታችን ሳትቀር ምግብ ሲቀርብ "ጭራን ጥሯት" ትላለች። እርር ድብን እል ነበር።

ገንዳው ሃያ አምስት ሜትር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ በእንፋሎት የታወሩ፣ የግድግዳው ሴራሚክ እዚህም እዚያም የረገፈ። አንደኛው ጫፍ ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም። ያለው አንድ ቀይ የሰከንድ ዘንግ ብቻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። እሱ ሥር አሰልጣኛችን ይቆማል። ፊሽካ ነው የምንለው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ ጠፍቶ አያውቅም፣ ሲነፋው ግን አንድም ቀን ሰምተን አናውቅም። ሲያናግሩት አንቱ ነው የሚባለው። እኔም በአፌ አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ አንተ ነበር የምለው፣ አሁንም እንደ ልቤ ነው የምጽፈው።

የፊሽካ አሠራር ለማስረዳት ቀላል ነው። በመቶ ሜትር ውድድር ላይ እያንዳንዱን ሃያ አምስት ሜትር በስንት ሰከንድ መጨረስ እንዳለብሽ ይሰላል፤ ለእኔና ለእህቴ አሥራ ሰባት ነበር። በአሥራ ሰባት ትነኪያለሽ፣ ግድግዳውን ይዘሽ ትተነፍሻለሽ፣ ከተነሳሽ ሠላሳ አምስት ሰከንድ ሲሞላ እንደገና ትነሻለሽ። እንዲህ እያልሽ ሠላሳ ዙር። ከአሥራ ሰባት ካለፍሽ "ወደቅሽ" ይልሻል። የወደቀ ከውሃው ይወጣል፣ አንድ ዙር ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ፎጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። "ቀስ ብሎ የዋኘ ሰውነት ቀስ ማለትን ይለምዳል" ይል ነበር ፊሽካ። "ያንን መልመድ የሚፈልግ ባሕር ዳር ሄዶ ይንቦራጨቅ።"

በየመስመሩ ሁለት ሁለት ነበርን። አንዷ ትመራለች፣ ሌላዋ የመሪዋ እግር ከግድግዳው ሲለቅ ተከትላ ትነሳለች። ሌሎቹ መስመሮች ላይ በየአምስት ዙሩ መሪዎቹ ይቀያየራሉ፣ ሰዓታቸውንም የሚይዙት ትልልቆቹ ዋናተኞች ናቸው። የእኛን ግን ፊሽካ ራሱ ነበር የሚይዘው፤ በቀኝ እጁ የእሷን ሰዓት፣ በግራ እጁ የእኔን። መሪነቱም አንድም ቀን ተቀያይሮ አያውቅም።

"ጋሼ፣ እኔ መቼ ነው የምመራው?" እለዋለሁ።

"ስትደርሺ።"

"ደርሼባታለሁ እኮ! ተረከዟን እየነካሁት ነው!"

እውነቴን ነበር። በየዙሩ መጨረሻ ላይ ጣቶቼ ተረከዟን ይነኩታል። ዋናተኛ የፊተኛውን እግር ነካ ካደረገ "ዞር በል፣ እበልጥሃለሁ" ማለቱ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም።

"ስትነኪያት ምን ትልሻለች?" አለኝ ፊሽካ።

"ምንም።"

"በይ እንግዲያው አንቺም ምንም አትበይ።"

ቂም ያዝኩ። ምክንያቱም ሌላም ያየሁት ነገር ነበር። እህቴ አሥራ አምስተኛው ወይም አሥራ ስድስተኛው ዙር ላይ ትወድቃለች። እስከዚያ ድረስ እኔ አንድም ጊዜ አልወድቅም። እሷ ቁና ቁና እየተነፈሰች ጠርዙ ላይ ትወጣለች፤ እኔ በደስታ ብቻዬን እነሳለሁ። ፊት ለፊቴ ማንም የለም፣ ውሃው ረግቷል፣ እንደ ልቤ እቀዝፋለሁ። ስነካ ግን ፊሽካ የግራ እጁን ያይና "አሥራ ሰባት ከስድስት። ወደቅሽ" ይለኛል። ሁልጊዜ። እሷ በተቀመጠችበት ዙር እኔ እወድቃለሁ። ሁለታችንም ተመልሰን ስንገባ ደግሞ ማለፌን እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን ቢሆን አጋጣሚ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲሆንስ? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብትሆኑ እናንተም እኔ ያልኩትን ነበር የምትሉት፤ ፊሽካ ያጭበረብራል። እሷ ስታርፍ እኔ እንዳልበልጣት የግራ አውራ ጣቱን ትንሽ ቆይቶ ይጫናል። ስለዚህ አውራ ጣቱን ማጥናት ጀመርኩ። ጥፍሩ ግማሽ ነው፣ በር የቀጠቀጠው ይመስል የጠቆረ። ግድግዳውን ስነካ ወዲያው ቀና ብዬ አየዋለሁ። ሲያዘገይ አንድም ቀን አልያዝኩትም፤ ይህም ምን ያህል የተካነ አጭበርባሪ እንደሆነ ነበር ያረጋገጠልኝ።

ምስክር ያስፈልገኛል ብዬ እማማ ቁልፍ ዘንድ ሄድኩ። የልብስ ሳጥኖቹን ቁልፍ የሚይዙ ሴትዮ ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ቁልፎቹን ዘርግተው ሲቆጥሩ ይውላሉ። ፊሽካ ምሳ በወጣበት ሰዓት ጠበቅኳቸው።

"እማማ፣ ሰዓት ይያዙልኝ።"

"በምን እጄ? አታይም ቁልፍ ይዣለሁ።"

"ስነሳና ስነካ ቀዩ ዘንግ የት እንደደረሰ ብቻ ይዩልኝ።"

ጥርሴን ነክሼ ዋኘሁ። ስነካ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚመታው። "ስንት ሆነ?"

"አሥራ ሰባት ከትንሽ።"

"ትንሿ ስንት ናት?"

"ትንሽ ናታ! ትንሽ ደግሞ ስንት ይባላል?"

ለእኔ በቂ ነበር። አሥራ ሰባት አሉ፣ አይደል? የእማማ ቁልፍ "ትንሽ" ስድስት አሥረኛ እንደነበረች ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። የዚያን ዕለት ግን ጠላቶቼ ሁለት መሆናቸው ተረጋገጠልኝ፤ ፊሽካና እህቴ።

ሦስተኛዋን ያገኘኋት በዚያው ሳምንት ነው። እናታችን ላውንድሪ ነበራት። የመዋኛው ፎጣዎች እዚያ ይታጠባሉ፣ እሷም ሐሙስ ሐሙስ የተተኮሱትን በጆንያ ይዛ ትመጣለች። የፊሽካ ቢሮና የእኛ ልብስ መቀየሪያ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ የውሃ ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ጸጉሬን እያደረቅኩ የእናቴን ድምፅ ስሰማ ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ።

"ስንተኛው ላይ ነው የምትወድቀው?" አለች እናቴ።

"አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ተራ ቢቀያየሩ እኮ ሃያ አምስት ትገባ ነበር፣ እትዬ። እንዲህ ሁልጊዜ ሲሆን ይከብዳታል።"

"ይክበዳት። አሰላለፉን እንዳትነካው።"

"ልጅቷ አሳዘነችኝ።"

"እኔስ አላሳዝንህም? ዘንድሮ አንዷ፣ ከርሞ ሌላዋ ብትሄድብኝ መተኮሻው ላይ ማን ይቆምልኛል? አንዷ ትሂድ፣ አንዷ ትቅር። የቱ እንደሚሻል ተነጋግረናል።"

ፎጣውን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። የሰማሁት ግልጽ ነበር። በዚያ ዓመት የስፖርት አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከክበባችን አንድ ልጅ ሊወስድ ነው። ያሳዘነችው ልጅ እኔ ነኝ፤ ከኋላ ሆኜ የሚከብደኝ፣ ተራ የተነፈግሁት እኔ ነኝ። እናቴ ትልቋ እንድትሄድላት፣ እኔን ደግሞ ካውያ አስጨብጣ ልታስቀረኝ ወስናለች። ቀዳዳው ውስጥ እጄን ሰድጄ የሁለቱንም ጉሮሮ ለመያዝ ፈለግኩ።

አሁን ሳስበው አንዲት ነገር ይገርመኛል። ስንተኛው ላይ እንደምትወድቅ ሲናገር ቁጥሩን ሰምቻለሁ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። የእኔ ቁጥር እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ጥላቻ ግን ቁጥር አያጣራም።

የምርጫው ውድድር መቶ ሜትር ነበር፣ እዚያው ገንዳ ላይ፣ ሁሉም በየራሱ መስመር። ፊሽካ መስመሮቹን ሲያነብ እህቴ ሦስት፣ እኔ አራት ደረሰን፤ ጎን ለጎን፣ በመካከላችን ያቺ ተንሳፋፊ ገመድ ብቻ። በዋዜማው እህቴ ማጀት ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ቦርሳዋን ከፈትኩ። የእናቴን መቀስ ይዤ የመዋኛ መነጽሯን ማሰሪያ ከሦስት እጅ ሁለቱን ቆረጥኩት። የተረፈው ስስ ጎማ ደረቅ ሆኖ ሲለበስ ይይዛል፤ ዘላ ውሃ ስትገባ ግን ይበጠሳል። እንቅልፌን ለጥ ብዬ ነው የተኛሁት።

ጠዋት መነጽሩን አወጣች፣ አገላብጣ አየችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

ስንዘል አየሁት። መነጽሩ ከፊቷ ተነቅሎ እንደ ሞተ ዓሣ ወደ ታች ሲሰምጥ አየሁት። አንጀቴ ራሰ። እሷ ግን አልቆመችም። ዓይኗን ክሎሪን ውስጥ ከፍታ፣ ገመዱን ታክካ፣ በግማሽ ሰውነት ቀድማኝ ትቀዝፍ ጀመር። ሦስተኛው መስመር ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት አለው፤ እሷ ግን ከእኔ በኩል ያለውን ገመድ ትከሻዋ እስኪነካው ተጠግታ ነው የምትሄደው። ስተነፍስ ዳሌዋን አያለሁ፣ አረፋዋ ፊቴ ላይ ይደፋል። "ታውራለች" አልኩ በልቤ፣ "መንገዱ ጠፍቶባት ነው ገመድ የምትደባብሰው።" በመቀሴ ኮራሁ።

ስንዞርም ያው ነው። ደርሶ መልስ ገመዱን አልለቀቀችም። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ብቻዬን ስዋኝ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። አሥር ሜትር ሲቀር ክንዷ ከበዳት፤ ዳሌዋ ወደ ኋላዬ ቀረ። በአንድ መዳፍ ቀድሜ ነካሁ። አንድ ደቂቃ ከስምንት፤ አራት ጊዜ አሥራ ሰባት።

ዓይኗ ደም መስሏል። ገመዱን ይዛ ታስላለች። "ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ተረከዝ ነው የምታዪው" አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ።

አየችኝ፣ ፈገግ አለች። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ብላ አታውቅም። "ይቅናሽ፣ ጭራ" አለችኝ።

እናቴ ከተመልካቾቹ ወንበር ላይ አጨበጨበች። እሷም ተሸንፋለች ብዬ ስላሰብኩ፣ አጨብጫቢ አስመሳይ አልኳት በልቤ።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገንዳው አሥር መስመር ነበረው፣ ለአንድ ሰው አንድ መስመር። አሠራሩ ያው የፊሽካ ዓይነት ነው፤ ሠላሳ ዙር፣ በውድድር ፍጥነት፣ የወደቀ ይቀመጣል። ልዩነቱ ሰዓት የሚይዝ ሰው አለመኖሩ ነው። ግድግዳው ላይ እጅ ሲነካው የሚሰማው ሰሌዳ አለ፣ ከበላዩ ቁጥር በቀይ ይበራል። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ከስድስት አለ። ቀጥሎ አሥራ ሰባት ከዘጠኝ። ቀጥሎ አሥራ ስምንት። የማየው አውራ ጣት ፈለግኩ፤ የለም። በስድስተኛው ዙር ፎጣዬን ይዤ ወጣሁ፣ ሌሎቹ እየዋኙ። በነጋታውም። በሳምንቱም። ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ከአሥረኛው ዙር በላይ አልደረስኩም። አሰልጣኟ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረች፤ አልሰደበችኝም። "እንዴት አድርገው መረጡሽ?" ብቻ ብላ ጠየቀችኝ፣ ከልቧ ግራ ገብቷት።

በስንብት ደብዳቤ ተመለስኩ። እናቴ ቆማ አነበበችው፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ወደ መተኮሻው አመለከተችኝ። እህቴ እዚያ ነበረች። ዋና ካቆመች ስምንት ወሯ ነው፣ ክንዶቿ ላይ የካውያ ጠባሳ አውጥታለች። ፈቀቅ አለችልኝ። "ቦታሽ ይኸውልሽ" አለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በእኔና በእሷ መካከል የነበረው ንግግር "ሸሚዙን አቀብዪኝ" እና "እንፋሎቱን ዝጊው" ነበር።

ሃያዎቹን ዓመታት እንደምንም ገፋሁ። ከላውንድሪው ወጣሁ፣ ሕፃናት ዋና የሚማሩበት ቦታ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ፣ በሠላሳ ዓመቴ የአሰልጣኝነት ኮርስ ገባሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሁለት ዋናተኛ ሣለ፣ አንዱን ከአንዱ ኋላ። "የፊተኛው ውሃውን ይሰብራል" አለ። "የኋለኛው በተሰበረው ውሃ ይሳባል። እግሩ ሥር ከተጠጋ በትንሽ ጉልበት እኩል ይሄዳል፤ ጣቱም የፊተኛውን እግር ይነካል፣ የሚበልጠው ይመስለዋል። ለዚህ ነው መሪ የሚቀያየረው።" ቀጥሎ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ሣለ፣ በመካከላቸው ገመድ። "ጎረቤቱም ገመዱን ከታከከ፣ ዳሌው አጠገብ ያለው ሰው ማዕበሉ ላይ ተጭኖ ይሄዳል።"

እስክሪብቶዬ ወደቀ። ከክፍል ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ ስድስት ዙር። ተረከዟ። ገመዱ። ደም የመሰለው ዓይኗ፣ ያ ፈገግታ፣ ይቅናሽ ማለቷ። ያንን ሁሉ ወር ጎትታኛለች። እየጠላኋት፣ መነጽሯን እየቆረጥኩ፣ ተሸክማ አድርሳኛለች። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እንደዚህ የወደደኝ ሰው እንደነበረ ሳላውቅ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ አልኩ።

ቅዳሜ ኬክ ገዝቼ ላውንድሪው ሄድኩ። እናታችን ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱ የእህቴ ነው። ሱሪ እየተኮሰች ነበር። ካርቶኑን አየችው።

"የማን ልደት ነው?"

"ጎትተሽኝ ነበር እኮ" አልኳት። "ያን ሁሉ ጊዜ ውሃውን ለእኔ ትሰብሪልኝ ነበር። የምርጫው ቀንም። አሁን ነው ያወቅኩት።"

"ማን ነገረሽ?"

"ኮርስ ላይ ተማርኩ።"

"ለዚህም ኮርስ አለው?" ካውያውን አቆመችው። "አንቺ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አልገባሽም ነበር?"

"አልገባኝም። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት። እኔ ስጠላሽ አንቺ እየወደድሽኝ..."

"ቆይ፣ ቆይ። በፍቅር መሰለሽ?"

ሳቀች። ሳቋ ደረቅ ነበር።

"እናታችን ናት ያዘዘችው" አለች። "አንቺ ትንሽ ስለሆንሽ ገና ብዙ ዓመት ትዋኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ለመተኮሻው ደርሻለሁ፤ ሒሳቡ ይኸው ነበር። ፊሽካን አሰላለፉን እንዳይነካው ያደረገችው እሷ ናት። ገመዱን ታክኪ፣ መጨረሻ ላይ እጅሽን ሰብስቢ ያለችኝም እሷው። መስመር ሰጪው ፊሽካ፣ አዛዧ እናትሽ፣ ዋናተኛዋ እኔ።"

"እሺ ብለሽ አደረግሽው።"

"አዎ። ለምን እሺ እንዳልኩ ታውቂያለሽ?" ሱሪውን ገለበጠችው። "እምቢ ብል ትመታኛለች እንጂ አትመርጠኝም። ከዚያ አሰብኩት። ይቺ ጭራ አንድም ቀን ብቻዋን አሥራ ሰባት ነክታ አታውቅም። እዚያ ስትሄድ ከፊቷ ማንም የለም። ሁሉም እያየ ትወድቃለች፣ በየቀኑ ትወድቃለች፣ ለምን እንደሆነም አይገባትም። ስለዚህ አሳምሬ ጎተትኩሽ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ዋኝቼ አላውቅም።"

ኬኩን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

"መነጽሩን..." አልኩ።

"ጠዋቱን አይቼዋለሁ። መቀስ ነው፣ አንቺ ነሽ። እያወቅኩ ነው ዓይኔ ላይ ያደረግኩት። ሰው ሁሉ እንዴት በትንሿ ተሸነፍሽ ሲለኝ የማሳየው ነገር ሰጠሽኝ።"

"ይህን ያህል ትጠዪኝ ነበር?"

ትንሽ አሰበች። የምታስበው ሊያጽናናኝ እንዳልሆነ ፊቷ ይናገራል። "የበለጠ የምጠላው እናታችንን ነበር" አለች። "እሷ ግን ውሃ ውስጥ አትገባም።"

ልወጣ ዞርኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

"ጭራ። አሁንስ ትነኪዋለሽ?"

"ምኑን?"

"አሥራ ሰባትን። ብቻሽን።"

እሑድ ጠዋት የሕፃናቱን ገንዳ ቁልፍ ይዤ ከፈትኩ። እሱም ሃያ አምስት ሜትር ነው። እህቴ የሥራ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠርዙ ላይ ቆመች፣ ሰዓቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። አልሳቀችም፣ አላበረታታችኝም። "በይ" ብቻ አለች። ውሃው ረግቷል። ከፊቴ ተረከዝ የለም። ስነሳ ክንዴ ከባድ ነበር፣ መካከሉ ላይ ሳንባዬ ተቃጠለ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ሜትሮች ላይ ሳልተነፍስ ቀዘፍኩ። በሕይወቴ ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። ግድግዳውን በጥፊ መታሁት፣ ወዲያው ቀና አልኩ፣ ዓይኔ ቀጥታ አውራ ጣቷ ላይ አረፈ።

ሰዓቱን አየች። ጊዜ ወሰደች።

"አሥራ ሰባት ከስድስት" አለች። "ወደቅሽ።"

"አሳዪኝ።"

"አጥፍቼዋለሁ።" ዞር አድርጋ አሳየችኝ፤ በሙሉ ዜሮ ነበር።

አየኋት፣ አየችኝ። ያችው ፈገግታ ናት። እውነት ይሁን ውሸት በምን ልወቅ? የሚመሰክር እማማ ቁልፍ እንኳን የለም። ሕጉን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከውሃው ወጣሁ፣ እግሯ አጠገብ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። በተከፈተው ጫማዋ ኋላ ተረከዟ ይታያል፤ ስንጥቋ አለች፣ እንደ ድሮው። ውሃው ረጋ። ሠላሳ አምስቱ ሰከንድ ሞላ።

"ተነሺ" አለች፣ አውራ ጣቷን ሰዓቱ ላይ አድርጋ።

ገባሁ።